አያት የምትመራው የባሕር ቤተሰብ

በአገራችን አንድ ልጅ ቅምጥል ሆኖ ሲታይ «አያት ያሳደገው» ይባላል። አባባሉ ለነቀፋ የሚነገር ቢሆንም በውስጡ አንድ እውነት አለ። ይኸውም አያት ለልጅ ልጇ የምትሰስተው ነገር የሌለ መሆኑ ነው። እናት ገበያ ስትወጣ ወይም ከሥራ ገበታዋ ላይ ስትውል ሕፃኑን የምትይዘው፣ ሲያመው ሌሊቱን ተቀምጣ የምታድረው፣ በችግር ጊዜም የት ምን እንደሚገኝ የምታውቀው አያት ናት። እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር ከሰው ቤት ውጭ፣ ያውም በቀዝቃዛ ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛል ቢባል ምን ይላሉ?

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያወሳው ስለ ዓሣ ነባሪዎችና ስለ ዶልፊኖች የቤተሰብ ኑሮ ነው። «ዓሣ ነባሪን ከእኛ ቤት ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከሃምሳ ዓመት በላይ በትዕግሥት የተካሄደው ጥናት ያስገኘው ውጤት ስለ እናትነት፣ ስለ እርጅናና ስለ ወገን መረዳዳት ብዙ የሚያሳስብ ሆኖ ስላገኘነው እነሆ ለአንባቢዎቻችን አቅርበነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዓሣ ያልሆነው «ዓሣ»

ስለ ዓሣ ነባሪ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በልጅነታችን የሰማነው የዮናስ ታሪክ ነው። ስሙም ዓሣ ያሰኘዋል። ነገር ግን ዓሣ ነባሪም ሆነ ዶልፊን ዓሣ አይደሉም። እንደ ላምና እንደ ፍየል፣ እንደ እኛም ጭምር፣ ጡት አጥቢዎች ናቸው። ደማቸው ሙቅ ነው፤ የሚተነፍሱት በሳንባ ስለሆነ አየር ለመሳብ በየጊዜው ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ማለት አለባቸው፤ አርግዘው ይወልዳሉ፤ ልጃቸውንም ወተት ያጠባሉ።

በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን የምንመለከተው ኦርካ የሚባለውን ነው። ኦርካ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ሲሆን ከዓይኑ ከፍ ብሎ ነጭ ምልክት አለው። ብዙዎች «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ብለው ይጠሩታል እንጂ በዝምድናው ከዶልፊኖች ወገን ነው፤ ከእነርሱም ሁሉ ትልቁ ነው። ወንዱ እስከ 8 ሜትር ይረዝማል። በጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ክንፉ ብቻ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ያህላል።

ኦርካ በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ ይገኛል። የቤተሰብ ኑሮው ከሁሉ በተሻለ የተጠናው ግን በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገርና በአሜሪካው የዋሽንግተን ስቴት ባሕር የሚኖረው ነው። እነዚህ ዓሣ ብቻ ተመጋቢ የሆኑት ኦርካዎች የሰሜንና የደቡብ ተብለው በሁለት ማኅበረሰብ ይከፈላሉ። በዚያው ባሕር ውስጥ አቆስጣና የመሳሰሉትን አጥቢዎች እያደኑ የሚበሉ ሌሎች ኦርካዎች ቢኖሩም ሁለቱ ወገኖች አይቀላቀሉም፤ አይጋቡምም።

ከጥይት ወደ ፎቶግራፍ

ሰው ኦርካን ለረጅም ጊዜ በጠላትነት ነበር የሚመለከተው። ዓሣ አጥማጆች «ዓሣችንን ጨረሰብን» እያሉ ይተኩሱበት ነበር። እንዲያውም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የካናዳ መንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ኦርካዎችን ለመቀነስ በአንድ የባሕር መተላለፊያ ላይ መትረየስ እስከ መትከል ደርሶ ነበር፤ ደግነቱ አልተተኮሰበትም።

በ1964 ዓ.ም. የቫንኩቨር ከተማ የባሕር እንስሳት ማሳያ የኦርካ ሐውልት ለማሠራት ፈልጎ አንዱ ተገድሎ ለሞዴልነት እንዲመጣለት አዘዘ። አዳኙ በጦር ወጋው፤ እንስሳው ግን አልሞተም። ወገኖቹ ቀርበው ይተነፍስ ዘንድ ወደ ውሃው ገጽ ሲደግፉት ታዩ። ከዚያም በሕይወት እየተጎተተ ወደ ከተማው ተወሰደ። «ሞቢ ዶል» ተብሎ የሴት ስም የወጣለት ይህ ኦርካ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሲኖር ሕዝቡ ገርነቱን እያየ ተደነቀ። ወንድ መሆኑ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። የዚያን ጊዜው ዕውቀት ምን ያህል አነስተኛ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ኦርካን በሕይወት እየያዙ ለመዝናኛ ቦታ መሸጥ ትልቅ ንግድ ሆነ። የሚፈለጉት ለማጓጓዝ የሚቀሉት ግልገሎች ነበሩ። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በዋሽንግተን ስቴት ፔን ኮቭ በተባለው ሰላጤ በርካታ ኦርካዎች ተከበው ሰባት ልጆች ከእናቶቻቸው ተለይተው ተወሰዱ፤ ሌሎችም በመረብ ተጠላልፈው ሰጠሙ። ከተወሰዱት አንዷ ቶኪታይ የተባለችው ከሃምሳ ዓመት በላይ በማያሚ ከተማ በአንድ ገንዳ ውስጥ ኖራ በነሐሴ 2023 ዓ.ም. ሞተች። በዚያ ዘመን ከደቡቡ ማኅበረሰብ ብቻ ከ40 በላይ የሚሆኑት ተወስደዋል ወይም በአያያዙ ጊዜ ሞተዋል።

የካናዳ መንግሥት «ለመሆኑ ስንት ናቸው?» ብሎ የጠየቀው ይህ ከተጀመረ ከዓመታት በኋላ ነበር። ሥራው የተሰጠው ማይክል ቢግ ለተባለ ተመራማሪ ነው። ቢግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ለዓሣ አጥማጆች፣ ለመርከበኞችና ለባሕር መብራት ጠባቂዎች መጠይቅ አስበትኖ በአንድ ቀን ያዩትን ኦርካ ሁሉ ቆጥረው እንዲያስታውቁት አደረገ። በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው ተብሎ ሲገመት የተገኘው ከ200 እስከ 350 የሚሆን ቁጥር ብቻ ነበር።

ቢግና የሥራ ባልደረቦቹ ከዚህም የበለጠ ሥራ ሠሩ። የእያንዳንዱ ኦርካ የጀርባ ክንፍ ቅርጽና ጠባሳ፣ ከክንፉም ሥር ያለው ግራጫ ምልክት ከሌላው የሚለይ መሆኑን አስተዋሉ። ለሰው የጣት አሻራ እንደ ማለት ነው። እንስሳውን ሳይነኩ በፎቶግራፍ ብቻ እያንዳንዱን ለይተው በፊደልና በቁጥር መዘገቡት። የደቡቡ ማኅበረሰብ ጄ፣ ኬ እና ኤል የሚባሉ ሦስት መንጋዎች ያሉት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ በኩል ኬን ባልኮም የተባለው ተመራማሪ በ2022 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ቆጠራውን ሲመራ ኖሯል። ቢግ በ1990 ዓ.ም. ቢሞትም የጀመረው መዝገብ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን መቼ እንደ ሞተ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል የሚያሳይ በመሆኑ እንደ አንድ ቀበሌ የነዋሪዎች መዝገብ ሊቆጠር ይችላል።

ከእናቱ የማይለይ ጎልማሳ

መዝገቡ ከገለጣቸው ነገሮች የመጀመሪያው በእንስሳት ዓለም እጅግ ያልተለመደ ነው። በብዙ እንስሳት ዘንድ ልጅ አድጎ ራሱን ሲችል ቢያንስ ወንዱ ወይም ሴቷ ከወላጅ ተለይታ ትሄዳለች። በእነዚህ ኦርካዎች ዘንድ ግን ወንዱም ሴቷም ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። ቤተሰቡ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው። አንዲት አሮጊት፣ ልጆቿ፣ የሴት ልጆቿ ልጆች፣ አንዳንዴም የልጅ ልጅ ልጆች አብረው ይጓዛሉ፤ አብረው ያድናሉ። ወንዱ ከሌላ ቤተሰብ ሴት ጋር ተገናኝቶ ተመልሶ ወደ እናቱ ይመጣል። የወለደው ልጅ በልጁ እናት ቤተሰብ ውስጥ ያድጋል።

ቤተሰቡ የራሱ አነጋገርም አለው። ጆን ፎርድ የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪ ድምፃቸውን በውሃ ውስጥ በሚሠራ ማይክሮፎን እየቀዳ ሲያጠና እያንዳንዱ መንጋ የራሱ የጥሪ ድምፆች እንዳሉት፣ የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑት መንጋዎችም ብዙ ድምፆችን እንደሚጋሩ አረጋገጠ። እኛ የጎጃሙን፣ የወሎውን ወይም የሸዋውን ሰው በአነጋገሩ እንደምንለየው ሁሉ ድምፃቸውን የለመደ ሰው የትኛው መንጋ እንደ መጣ ሳያይ ሊናገር ይችላል። ግልገሉ ይህን አነጋገር የሚማረው ከእናቱና ከቅርብ ወገኖቹ ነው።

ማዕዳቸውም የጋራ ነው። ዋና ምግባቸው ቺኑክ የሚባለው ትልቁ የሳልሞን ዓሣ ነው። አንዷ ዓሣውን ስትይዝ በጥርሷ ቆርሳ ለወገኖቿ ታካፍላለች። በተለይ እናቶች ለልጆቻቸው፣ ይልቁንም ካደጉ በኋላ ለወንዶች ልጆቻቸው፣ ሲያጎርሱ በብዛት ታይተዋል። በየማዕዳችን የምንጎራረስ እኛ ይህን ለመረዳት አያዳግተንም።

ማረጥ ለምን አስፈለገ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሴት ኦርካ ብዙውን ጊዜ የበኩር ልጇን የምትወልደው አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆና ነው። እርግዝናዋ 17 ወር ያህል ይፈጃል። ዕድሜዋ 40 ገደማ ሲሆን መውለድ ታቆማለች። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ልትኖር ትችላለች፤ እስከ 80 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚደርሱ አሉ። ወንዱ ግን ከ30ዎቹ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው።

እንደሚታወቀው በአብዛኞቹ እንስሳት ዘንድ እንስቷ እስክትሞት ድረስ ትወልዳለች። ካረጡ በኋላ ረጅም ዕድሜ መኖር ከሰው ሌላ በጥቂት ፍጥረታት ብቻ የሚታይ ነው። ከእነርሱም መካከል ኦርካን ጨምሮ ጥርስ ያላቸው አምስት የዓሣ ነባሪ ዓይነቶች ይገኛሉ። ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለዘር መቀጠል ልጅ መውለድ ዋና ነገር ሆኖ ሳለ መውለድ ያቆመች እናት ይህን ያህል ዘመን የምትኖረው ለምንድን ነው?

መልሱን ለመፈለግ የጠቀመው ያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተጠበቀው መዝገብ ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዳረን ክሮፍት፣ የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ፍራንክስና ጓደኞቻቸው መዝገቡን ከአሜሪካና ከካናዳ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው መረመሩት። ያገኙትን ውጤት በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ በ2012 ዓ.ም. በወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ኦርካ እናቱ በሞተች በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድሉ እናቱ ካለችለት ወንድ ጋር ሲነጻጸር ወደ 14 እጥፍ ይደርሳል። በ30 ዓመቱ ግዙፍ ሆኖ፣ ከእናቱ በአካል በልጦ እያለ ያለ እናቱ መኖር ይሳነዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ጥናት መንጋው ሲጓዝ ከፊት የሚቀድመው ማን እንደሆነ መረመረ። ያረጡት አሮጊቶች በብዛት ከፊት ሆነው ተገኙ። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን መሪነታቸው ጎልቶ የሚታየው ሳልሞን በጠፋበት፣ ይኸውም ችግር በሆነበት ዓመት መሆኑ ነው። ዓሣው በየትኛው ወቅት በየትኛው የወንዝ አፍ እንደሚያልፍ ለማወቅ ብዙ ክፉና ደግ ዘመን ማየት ያስፈልጋል። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብለን የምንተርተው ልምድ በዕድሜ እንጂ በጉልበት የማይገኝ በመሆኑ አይደለምን?

ሦስተኛ፤ በ2019 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ስለ አያት ነው። የእናቱ እናት ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የሞተችበት ግልገል አያቱ በሕይወት ካለችለት ግልገል ይልቅ የመሞት አደጋው 4.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጉዳቱም የሚብሰው ሳልሞን ባነሰበት ጊዜ ነው። ያረጠች አያት የራሷ ጨቅላ ስለሌላት ያላትን ጊዜና ጉልበት ሁሉ ለልጅ ልጆቿ ታውላለች።

«ታዲያ እየወለደችም መርዳት አትችልም ነበርን?» ይሉ ይሆናል። ለዚህም መልስ ተገኝቷል። እናትና ሴት ልጅ በአንድ ወቅት ሲወልዱ የሁለቱ ልጆች ለአንድ ማዕድ ይሻማሉ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ጥናት እንዳመለከተው በዚህ ሽሚያ የሚጎዳው የትልቋ ሴት ልጅ ነው፤ የመሞት አደጋው ወደ 1.7 እጥፍ ከፍ ይላል። እንግዲህ እናቲቱ ከልጇ ጋር በመውለድ ከምትሻማ መውለዱን ትታ ብትረዳ ለዘሯ የሚበጅ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

ወንድ ልጅና ሴት ልጅ

እናት ኦርካ ለወንድ ልጇ ያላት ድካም ወሰን የለውም። ያረጠች እናት ያላቸው ወንዶች በሌሎች ኦርካዎች ጥርስ የሚደርስባቸው ጭረት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም እናት በጠብ መካከል ጣልቃ ገብታ የምትከላከል መሆኗን ያመለክታል ተብሏል። ነገር ግን ዋጋውን የምትከፍለው ራሷ ናት። በ2023 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው ጡት የጣለ አንድ ወንድ ልጅ ያላት እናት በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ልጅ ወልዳ የማሳደግ ዕድሏ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህም ልጁ ጎልማሳ ከሆነም በኋላ አይለወጥም።

ለሴት ልጅ ግን ይህን ያህል አትደክምም። ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ሴቷ የምትወልደው በዚያው በእናቷ ቤት ሲሆን የወንዱ ልጆች ግን በሌላ ቤተሰብ ስለሚያድጉ ለአያቲቱ ማዕድ ተሻሚ አይጨምሩም የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ እንወዳለን። በየቤታችን «እንስሳትም ወንድ ልጅ ያስበልጣሉ» ብሎ ሴቷን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት ምክንያት የሚያደርገው እንዳይኖር። በዚያ ባሕር ውስጥ በመጨረሻ ቤቱን የምትረከበው፣ መንገዱን የምታውቀውና መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት። ያለ ሴት ልጅ የቀረ ቤተሰብ ወንዶቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ከእነርሱ ጋር ያበቃል።

የሌላውን ልጅ ማሳደግ

ስለ ጄ መንጋ ሲነገር «ግራኒ» የተባለችውን፣ በእኛ አነጋገር «አያትዬ» እንደ ማለት ነው፣ ማንሣት ግድ ነው። በመዝገቡ ሁለተኛ ቁጥር የተሰጣት ይህች አሮጊት መንጋውን ለዓሥርተ ዓመታት ስትመራ ኖራ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከዓይን ጠፋች። በመጀመሪያ ዕድሜዋ ከመቶ ዓመት በላይ ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ግምቱ የተጋነነ መሆኑ ታውቋል። የሆነ ሆኖ በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ እጅግ ካረጁት አንዷ መሆኗ አያጠራጥርም።

ከኤል መንጋ «ኦኒክስ» የተባለ ወንድ እናቱ በ2005 ዓ.ም. ሞተችበት። ገና ወጣት ስለነበር ይሞታል ተብሎ ሲፈራ የራሱን መንጋ ትቶ ወደ ኬ መንጋ፣ ቀጥሎም ወደ ጄ መንጋ ሄዶ ከአሮጊቶቹ ጋር ተጠጋ። በመጨረሻም ከግራኒ ጎን የማይለይ ሆነ፤ እርሷም አላባረረችውም። በዚህ ሁኔታ ለብዙ ዓመታት ለመኖር ችሏል።

በሌሎቹም ዘንድ ተመሳሳይ መረዳዳት ይታያል። ስፐርም ዌል የሚባለው ባለ ትልቅ ራሱ ዓሣ ነባሪ ምግቡን የሚያገኘው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ጠልቆ ነው። ጨቅላው እስከዚያ ድረስ እናቱን ተከትሎ መጥለቅ አይችልም። ስለዚህ ሴቶቹ በየተራ እየጠለቁ ሁልጊዜ ከላይ ሕፃን ጠባቂ ይተዋሉ። ካናዳውያኑ ሃል ኋይትሄድና ሼን ጌሮ ይህን ኑሮ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። በሐምሌ 2023 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር በዶሚኒካ ደሴት አጠገብ አንዲት ስፐርም ዌል ስትወልድ ተመራማሪዎች ለማየት ታደሉ። ወገኖቿ ከበዋት ቆይተው ልጁ እንደ ተወለደ እንዲተነፍስ ወደ ውሃው ገጽ እያነሡ ደገፉት። በየመንደራችን ምጥ በያዘ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» የሚለውን የሚያስታውስ ነው።

ዶልፊኖችም ከዚህ አይርቁም። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ስቴት በሳራሶታ ሰላጤ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው ጥናት እያንዳንዱ ዶልፊን ከጨቅላነቱ ጀምሮ እንደ ስም የሚያገለግል የራሱ የፉጨት ድምፅ እንዳለው ታውቋል። በ2023 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ደግሞ 19 እናቶችን መርምሮ እናት ዶልፊን ልጇ አጠገቧ ሲሆን ይህንኑ ፉጨቷን አቅጥና እንደምታሰማ ገልጿል። እኛ ሕፃን ስናነጋግር ድምፃችንን እንደምናለሰልሰውና እንደምናቀጥነው መሆኑ ነው። በአውስትራሊያ ሻርክ ቤይ በተባለው ሰላጤ ያሉት ዶልፊኖች ደግሞ የባሕር ስፖንጅ ነቅለው አፍንጫቸው ላይ በማድረግ የባሕሩን ወለል ሳይቆስሉ ሲፈትሹ ታይተዋል። ይህ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ፣ ይልቁንም ወደ ሴት ልጅ የሚተላለፍ ነው።

አሥራ ሰባት ቀን

አሁን የምናወራው አሳዛኙን ክፍል ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጄ መንጋ ታሌኳ የተባለችው ኦርካ ሴት ልጅ ወለደች። ልጂቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ኖራ ሞተች። እናቲቱ ግን ሬሳዋን አልለቀቀችም። በራሷ ላይ አድርጋ እየገፋች፣ ሲሰጥምባት ጠልቃ እያወጣች ለ17 ቀን ይዛ ዞረች። የተጓዘችው 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች እንስሳ እንደ ሰው ያዝናል ብሎ በአፍ ሙሉ መናገር አስቸጋሪ መሆኑን ያሳስባሉ። ልጅ የቀበረች እናት ግን ያን ሥዕል አይታ ምን እንደ ተሰማት ለመገመት አያዳግትም።

ታሌኳ በመስከረም 2020 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወልዳ በሕይወት አደገላት። በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች። ያችም በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተችባት። እናቲቱ እንደ ገና ሬሳውን ይዛ እስከ ጥር 2025 ዓ.ም. ስትጓዝ ታየች።

የታሌኳ ሐዘን የእርሷ ብቻ አይደለም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሳሙኤል ዋሰርና ጓደኞቹ የኦርካዎቹን ሰገራ ከባሕር ላይ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ሆርሞን መረመሩ። ሰገራውን የሚያገኘው በጀልባው አፍንጫ ላይ የሚቀመጥ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት የሚያሸት የሠለጠነ ውሻ ነበር። በዚህም ዘዴ ከ2008 እስከ 2014 ዓ.ም. ከታወቁት እርግዝናዎች እስከ 69 ከመቶ የሚደርሱት ፍሬ ሳይሰጡ መቅረታቸው ታወቀ። ዋናው ምክንያት የምግብ ማነስ ነው።

ሳልሞን የቀነሰው በወንዞች ላይ በተሠሩት ግድቦች፣ በደን መመንጠርና ለብዙ ዘመን በተካሄደው ከልክ ያለፈ ማጥመድ ነው። በዚህ ላይ የመርከቦች ጩኸት ይጨመራል። ኦርካ ዓሣን የሚፈልገው ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ስለሆነ ሞተር ሲያጓራ ማደን ይቸግረዋል። ሦስተኛው ጠንቅ መርዝ ነው። ፒ.ሲ.ቢ. የተባሉት የፋብሪካ ኬሚካሎች በአሜሪካ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ መሠራታቸው ቢከለከልም ከባሕሩ አልጠፉም። በእናቲቱ ስብ ውስጥ ተከማችተው በወተቷ አማካይነት ወደ ልጇ ይተላለፋሉ። ብዙውን የሚወስደው የበኩር ልጅ ነው። ለሕይወት የተሰጠው ወተት መርዝ ይዞ መሄዱ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ውጤቱን ቁጥሩ ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. 98 የነበሩት የደቡብ ኦርካዎች በ2024 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 73 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። አሜሪካ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት መካከል መዝግባቸዋለች። የተያዙት ግልገሎች ቀርተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሳቸው እናቶችና አያቶች በሆኑ ነበር። ጉዳቱ ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚታየው ለዚህ ነው።

ደግነቱ የሚደረግም ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. የቫንኩቨር ወደብ ትላልቅ መርከቦች በኦርካዎቹ መኖሪያ ሲያልፉ ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ማድረግ ጀመረ። ከጥር 2025 ዓ.ም. ወዲህ በዋሽንግተን ስቴት ጀልባዎች ከደቡቦቹ ኦርካዎች 900 ሜትር ያህል እንዲርቁ በሕግ ታዟል። በካሊፎርኒያና በኦሬገን መካከል በሚፈሰው በክላማት ወንዝ ላይ የነበሩት አራት ግድቦች ፈርሰው ሥራው በ2024 ዓ.ም. በመፈጸሙ ሳልሞን ወደ ቀድሞ መራቢያው የሚመለስበት መንገድ ተከፍቷል።

ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር

ውድ አንባቢያን፤ ሰው ሰው ነው፤ እንስሳም እንስሳ ነው። የእኛ የቤት ሥርዓት ከዓሣ ነባሪ የሚቀዳ አይደለም። ቢሆንም ከዚህ ጥናት ልብ ልንላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ያረጠች ሴት «ከእንግዲህ ጊዜዋ አለፈ» የምትባል አለመሆኗ ነው። በየቤታችን ጥግ ይዛ የምትቀመጠው አሮጊት በወር ደመወዝ የማይተመን ሥራ ትሠራለች። እናት ሥራ የምትውለው እርሷ ስላለች ነው። ስለዚህ ጤንነቷን መከታተል፣ በቤት ጉዳይ ሐሳቧን መጠየቅ፣ የልጅ ጥበቃውም ከአቅሟ በላይ እንዳይሆንባት ማገዝ የልጆቿ ድርሻ ነው። ልጅ ማሳደግ የአያት ደስታ ቢሆንም ድካም መሆኑን አንዘንጋ።

ሁለተኛው፣ አሮጊት የምታውቀው ነገር ሳይጠየቅ ከቀረ አብሯት የሚቀበር መሆኑ ነው። በድርቅ ዓመት ምን ተበልቶ እንደ ታለፈ፣ የትኛው ምንጭ እንደማይነጥፍ፣ የትኛው ዘር ዝናብ ሲያጥር እንደሚያፈራ፣ ዘመድ ከወዴት ወዴት እንደሚቆጠር፣ ይህ ሁሉ በእናቶቻችን ልብ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ነው። ልጆችዎ ፊደል የቆጠሩ ከሆነ አያታቸውን እየጠየቁ በደብተር እንዲጽፉ ያድርጓቸው። የማይክል ቢግም ሥራ የጀመረው በመጠየቅና በመመዝገብ መሆኑን ያስታውሷል።

ሦስተኛው፣ እናት ብቻዋን ልጅ አታሳድግም። ዓሣ ነባሪዋ ወደ ጥልቁ ስትወርድ ልጇን የሚጠብቅላት ወገን ከላይ አለ። በከተማ ውስጥ ከዘመድ ርቃ፣ በር ዘግታ ለምትታረስ ወጣት እናትም ይኸው ያስፈልጋታል። በጎረቤትዎ እንዲህ ያለች ካለች ገንፎውን ይዘው ገባ ይበሉ፤ ሕፃኑንም ለአንድ ሰዓት ይያዙላትና እርሷ ትተኛ።